ሁለት አንባቢ ያለው ደብዳቤ

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ፓስተሮች ቤት የሚወጣ አንድ ዓይነት ደብዳቤ አለ። መልኩ ከቤት ቤት እምብዛም አይለይም። ከላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ ቀጥሎ «ውድ ወዳጆቻችን» የሚል ሰላምታ፣ ከዚያ የዓመቱ ወሬ። ትልቋ ልጅ ኮሌጅ ገብታለች፤ ታናሹ እጁ ተሰብሮ ድኗል፤ አያት በሐምሌ ዐርፈዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ተቀይሯል፤ አዲሱ ምድብ ቦታ ተስማምቶናል፤ በጸሎት አስቡን። አንድ ገጽ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። አብረው ለተማሩ፣ ባገለገሉበት አጥቢያ ለቀሩ፣ ከሦስት ከተማ በፊት ጎረቤት ለነበሩ ሁሉ ቅጂው ይላካል።

ሐኪሙም ነጋዴውም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጽፋል። የአገልጋይ ቤት ግን የበለጠ ያስፈልገዋል፤ እግሩ አይረጋማ። የአሜሪካ ሜቶዲስቶች በ1804 ያወጡት ደንብ አንድ ሰባኪ በአንድ ቦታ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይቀመጥ ያዝዝ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሃያ ዓመት አሥር ቤት የለወጠ ሰው በአሥር ቦታ ወዳጅ ትቶ ያልፋል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ልጻፍ ቢል ስብከቱን መቼ ያዘጋጃል?

ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቅኝት የሚያሻው አልነበረም። የአገልጋይ ቤት ደብዳቤ ከጥንት ጀምሮ ሁለት አንባቢ አለው። አንደኛው ስሙ ከላይ የተጻፈው ወዳጅ ነው። ሁለተኛው ከወዳጁ ጀርባ ቆሞ አንገቱን አስግጎ የሚያነበው ነው፤ ምእመኑ፣ ጳጳሱ፣ ገንዘብ አዋጪው፣ አንዳንዴም ንጉሡ። ደብዳቤውን ዛሬ ያለበትን መልክ ያስያዘው ይኸኛው፣ ያልተጻፈለት አንባቢ ይመስለኛል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን ያውቅ ነበር። ለቆላስይስ ሰዎች የላከው መልእክት በሎዶቅያም እንዲነበብ አዝዟል፤ ስለዚህ የጻፈው ለጆሮ ሁሉ የሚሆነውን ነው። የራሱን ኑሮ በተመለከተ ግን መልእክቱን የሚያደርሰው ቲኪቆስ በቃል ይነግራችኋል ብሎ አለፈው። እስር ቤት ያለ ሰው ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደከዳው፣ ማን እንደሚጠይቀው በአደባባይ በሚነበብ ጽሑፍ አያሰፍርም።

በየዓመቱ የሚላክ ደብዳቤ ደግሞ እስክንድርያ አለ። የከተማዋ ሊቃነ ጳጳሳት ጾሙ የሚገባበትንና ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ለግብፅ አብያተ ክርስቲያናት በየዓመቱ ይጽፉ ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ ከ329 አንሥቶ እስከ ዕረፍቱ እስከ 373 ድረስ ይህን ሥራ ይዞ ቆይቷል፤ አምስት ጊዜ ተሰዶ እንኳ ከስደት ሆኖ የጻፈበት ዓመት አለ። የ367ቱ ደብዳቤ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍትን ሃያ ሰባት አድርጎ በመዘርዘሩ ይታወሳል። ቀን ለማሳወቅ የተጀመረ ጽሑፍ እንዲህ በየዓመቱ ሌላ ጭነት እየተጫነበት ሄደ፤ ተግሣጹም፣ ክርክሩም፣ ስደቱም ገባበት። አትናቴዎስ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም፤ ፍሬምናጦስን ቀብቶ ወደ አክሱም የላከው እርሱ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ በ356 ገደማ ለዔዛናና ለሳይዛና፣ ፍሬምናጦስን ለምርመራ መልሳችሁ ላኩ ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬ የሚነበበውም አትናቴዎስ በራሱ መከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ገልብጦ ስላስቀረው ነው። ከጠላት ወደ ሦስተኛ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ በተከሳሹ እጅ ተርፏል ማለት ነው።

ነገሩን ደንብ አድርጎ የጻፈው የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች የሎዮላው ኢግናጥዮስ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1542 ለባልንጀራው ለፒዬር ፋቭር በላከው ደብዳቤ ማኅበርተኞቹ እንዴት መጻፍ እንዳለባቸው አስረድቷል። ዋናው ደብዳቤ ለማንም ሰው ቢታይ የማያሳፍር ይሁን፤ አንድ ጊዜ ተጽፎ ይነበብ፣ ይታረም፣ ዳግመኛ ይገልበጥ። ሌላው ሌላው፣ የሚያሳስበውም የሚያጨቃጭቀውም፣ ለብቻው በተነጠለ ወረቀት ይምጣ። ምክንያቱንም አልደበቀም። ወዳጆች ደብዳቤ መምጣቱን ሲሰሙ እንይ ይላሉ፤ የማይታይ ነገር ተቀላቅሎበት ሲገኝ መሸሸግ ያሳፍራል፣ ማሳየትም አይቻልም። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የኢየሱሳውያን ማኅበር ደብዳቤ ሁለት ወረቀት ሆነ። በመጀመሪያ በየአራት ወሩ ይላክ ነበር፤ ከ1560ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በዓመት አንዴ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከሮም ሆነው የሚሰበስቡትም የሚያንጸውን እየመረጡ ያሳትሙት ጀመር።

የኛም አገር በዚያ መዝገብ ውስጥ አለች። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ትግራይ ፍሬሞና ከገባ በኋላ የሚላከው ወሬ በቀይ ባሕር ወደ ጎዋ፣ ከጎዋ ወደ ሊዝበንና ሮም ይሄድ ነበር። ካሚሎ ቤካሪ ከ1903 እስከ 1917 ባሉት ዓመታት በ15 ጥራዝ ያሳተመው ስብስብ የዚህን ዘመን ደብዳቤና ታሪክ ይዟል። የአፄ ሱስንዮስን ዘመን የሚያጠና ሰው ያለ እነዚህ ጥራዞች አይሆንለትም። ሆኖም ዓመታዊ የሚባሉትን ሲያነብ ኢግናጥዮስን ማስታወስ አለበት፤ በእጁ ያለው ለማንም እንዲታይ የተጻፈው ወረቀት ነው። ንጉሡ በ1632 የካቶሊክን እምነት ትተው የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁ፣ አውሮፓ ላይ የምሥራቹን ብቻ ሲሰማ የኖረ አንባቢ ነገሩ ዱብ ዕዳ ሆኖበት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

እነዚህ ሰዎች ግን ሚስትም ልጅም የላቸውም። የአገልጋይ ቤተሰብ የሚባል ነገር በምዕራቡ ዓለም በይፋ የመጣው ማርቲን ሉተር ሰኔ 13 ቀን 1525 ካታሪና ፎን ቦራን ካገባ በኋላ ነው (በእኛ ዘንድ ቄስ ከጥንትም ሚስት አለው፤ ጎጆ ሳይወጣ አይቀስስም)። ኢግናጥዮስ ያን ደንብ ከመጻፉ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው በ1542 መስከረም፣ የሉተር ልጅ ማግዳሌና በ13 ዓመቷ ሞተች። ሉተር በቀናት ውስጥ ለወዳጁ ለዩስቱስ ዮናስ ጻፈ። ማመስገን እንደሚገባን እናውቃለን፣ ግን እኔም ሚስቴም ያለ ልቅሶ አልቻልንም የሚል ነው መንፈሱ። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ወረቀቶች በአንድ ዓመት መጸው የተጻፉ ናቸው፤ አንዱ ምን እንደሚደበቅ ያስተምራል፣ ሌላው መደበቅ ያቃተው ነው። የፕሮቴስታንት ፓስተር ቤት ሁለቱንም ወረሰ።

ደብዳቤው እየበዛ ሄደ። በዙሪክ የሃይንሪሽ ቡሊንገር ብቻ፣ የጻፈውም የተጻፈለትም ተደምሮ፣ 12 ሺህ ያህል ተርፏል። በ18ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሃለ ከተማ የነበረው አውጉስት ሄርማን ፍራንከ ሥራውን ወደ ማተሚያ ቤት ወሰደው። በ1706 ሕንድ ትራንከባር የደረሱት ሲገንባልግና ፕሉቻው የላኩት ወሬ ከ1710 ጀምሮ እየታረመ፣ አስቸጋሪው እየተቆረጠ፣ በመጽሔት መልክ ወጣ። አንባቢው ሲያነብ ያዝናል፤ ሲያዝን ይለግሳል። ደብዳቤና ገንዘብ የተጋቡት እዚህ ላይ ነው፤ እስካሁንም አልተፋቱም።

ሄርንሁት ያሉት ሞራቪያውያን ሌላ መንገድ መረጡ። ከግሪንላንድ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣውን ደብዳቤና የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ተቀምጠው በእጅ ይገለብጡታል፤ ቅጂው ለየጉባኤው ይሄዳል፤ በወር አንድ ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ ይሰማዋል። ማተሚያ አጥተው አይደለም። በእጅ የተጻፈ ነገር ከቤተሰቡ አይወጣም ብለው ነው፤ በጀርመንኛ ያተሙት በ1819 ነው። ሞራቪያውያን ኢትዮጵያንም አስበዋት ነበር። ሐኪሙ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሆከር ወደ ሐበሻ ለመግባት በ1752 ካይሮ ደረሰ፤ ጎንደርን ግን ሳያይ ቀረ። ቀጥሎ ግብፅ የተመደበው ጆን አንቴስ፣ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ሲመለስ ካይሮ ላይ አገኘው፤ ስለ ኢትዮጵያም ከመንገደኛው አፍ ሰማ። ግብፅ ውስጥ በአንድ ሹም ትእዛዝ የውስጥ እግሩን ተገርፎ ለወራት መራመድ እስኪያቅተው መሰቃየቱንም ለወገኖቹ ጽፏል።

እስካሁን ያየነው የደብዳቤ መንገድ በአብዛኛው የማኅበር መንገድ ነበር። ተራው ፓስተር በራሱ ኪስ ለወዳጁ መጻፍ ሲጀምር የመጀመሪያው ጠላቱ ዋጋ ሆነ፤ ለዚህም ከላይመን ቢቸር ቤት የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ቢቸር (1775–1863) በአሜሪካ ስሙ የገነነ የፕሬስቢቴሪያን ሰባኪ ነው። 13 ልጆች ወልዶ 11ዱ አደጉለት፤ ሰባቱ ወንዶች ሁሉም ሰባኪ ሆኑ። ከአራቱ ሴቶች አንዷ ኋላ «የአጎቴ ቶም ጎጆ»ን የጻፈችው ሃሪየት ናት። አባትየው በ1832 የሌን ሴሚናሪን ሊመራ ወደ ሲንሲናቲ ሲዛወር ቤተሰቡ ከኮኔቲከት እስከ ኢሊኖይ ተበተነ። በዚያ ዘመን የፖስታን ዋጋ የሚከፍለው ተቀባዩ ነው፤ ሒሳቡም በርቀትና በወረቀት ቁጥር ነው። ከ400 ማይል በላይ ለሚሄድ አንድ ነጠላ ወረቀት 25 ሳንቲም ይጠየቃል፤ ሁለት ወረቀት ከሆነ 50። የሰባኪ ደመወዝ ይህን አይችልም። ስለዚህ ቢቸሮች አንድ ትልቅ ወረቀት እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት ማዞር ጀመሩ። አንዱ ይጽፍና ለሚቀጥለው ይልካል፣ እርሱም ከሥር ጨምሮ ወደሚቀጥለው ያሳልፋል፤ እያንዳንዱ ቤት ለአንድ ወረቀት ከፍሎ የሁሉንም ወሬ ይሰማል።

በዚያ ወረቀት ላይ ሁለተኛው አንባቢ የለም ማለት ይቻላል፤ ወንድምና እህት ብቻ ናቸው። ቤቱም አንድ ልብ አልነበረም። ባርነት ይወገድ ባሉ ተማሪዎችና በሴሚናሪው ባለአደራዎች መካከል በተነሣ ጠብ በ1834 አብዛኞቹ ተማሪዎች ጥለው ሲወጡ ላይመን መሃል ቆሞ ነበር። ልጁ ኤድዋርድ ደግሞ በ1837 በኢሊኖይ ኦልተን ከተማ ከተገደለው ከጸረ ባርነት ጋዜጠኛው ከላቭጆይ ጎን የቆመ ነው። ይህን ሁሉ ይዞ አንድ ወረቀት በስድስትና በሰባት ቤት ሲዞር መሳቁም መከራከሩም አይቀርም። ከዚያ በ1843 ወንድማቸው ጆርጅ፣ እርሱም ሰባኪ፣ ኦሃዮ ውስጥ በአትክልት ቦታው ጠመንጃ ይዞ ሞቶ ተገኘ። በአደባባይ የተባለው ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ጥርጣሬው ግን እስከ ዛሬ አለ። በማግሥቱ ዓመት እህቱ ካትሪን ከወረቀቶቹ መርጣ የመታሰቢያ መጽሐፍ አሳተመች። የዘመዶቹ ወረቀት አንድ ነገር ነው፣ መጽሐፉ ሌላ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሰባኪ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ዋጋውን የሰበረው መንግሥት ነው። እንግሊዝ ከጥር 1840 ጀምሮ ለማንኛውም ርቀት አንድ ፔኒ አደረገች፤ አሜሪካ በ1845ና በ1851 ዋጋዋን ዝቅ አደረገች። በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለ የለንደን ሹም ለገና ለሁሉም መጻፍ ሰልችቶት ሠዓሊው ሆርስሊ ካርድ እንዲሠራለት ጠየቀ፤ 1,000 ያህል ታትሞ አንዱ በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። የገና ካርድ ከዚያ መጣ። ዓመታዊው የቤተሰብ ደብዳቤ ካርዱን ዕቃ መጫኛ ያደረገው ኋላ ነው።

በፔኒው ፖስታ ከተጠቀሙት ቤቶች አንዱ በዮርክሸር ሃወርዝ የነበረው የቄስ ፓትሪክ ብሮንቴ ቤት ነው። ልጁ ሻርሎት በ1831 ትምህርት ቤት ላገኘቻት ለኤለን ነሲ እስክትሞት ስትጽፍላት ኖራለች። የወንድሟ ስካር፣ የእህቶቿ ሳል፣ የአባቷ ዐይን፣ አባቷን የሚረዳው ወጣት ቄስ አርተር ቤል ኒኮልስ ሁሉ በዚያ አለ። ይኸው ኒኮልስ በ1854 አገባት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሚስቱ ስትጽፍ ከጀርባዋ ቆሞ አነበበና ደነገጠ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከእጅ ከወጣ አደጋ ነው፣ ኤለን ልታቃጥለው ቃል ትግባ፣ አለዚያ ጽሕፈቱን እኔ እቈጣጠራለሁ አለ። ኤለን ቃል ሰጠች፤ ግን አላቃጠለችም። ሻርሎት በሚቀጥለው መጋቢት ሞተች። ኤለን ከ300 በላይ ደብዳቤዎች ለኤልሳቤጥ ጋስኬል ሰጠች፤ ጋስኬልም በ1857 የሻርሎትን የሕይወት ታሪክ አወጣች። ጋስኬል ራሷ የማንቸስተር ዩኒታሪያን አገልጋይ ሚስት ናት። የቄስ ልጅ ሚስጥር በፓስተር ሚስት እጅ መጽሐፍ ሆነ። ኒኮልስን ብዙ ሰው ያማዋል፤ እኔ ግን አርቆ አይቷል እላለሁ፤ የፈራው ነገር ሁሉ ደርሷል።

በዚሁ ጊዜ ኢየሩሳሌም ውስጥ አንድ ጳጳስ ለወዳጆቹ ዓመታዊ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ሳሙኤል ጎባት ይባላል። ስዊዘርላንዳዊ ነው፤ በ1830 ኢትዮጵያ ገብቶ አማርኛ ያወቀ፣ በ1835 ሚስቱን ይዞ ዓድዋ ተመልሶ በሕመም ብዛት የለቀቀ። በ1846 በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆኖ ሲሾም ልቡ ግን ከኢትዮጵያ አልወጣም። በየዓመቱ በሚያሳትመው ደብዳቤ ትምህርት ቤቶቹንና የአገልጋዮቹን ደኅንነት ለአውሮፓ ወዳጆቹ ያሳውቃል። ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡትን የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን፣ ፍላድን፣ ዋልድማየርን፣ ቤንደርን፣ ወደ ኢትዮጵያ የላካቸውም እርሱ ነው።

የእነዚህ ባለሙያዎች፣ የጋፋት ሰዎች የሚባሉት፣ ታሪክ ለኛ አንባቢ የታወቀ ነው። ሊሰብኩ መጥተው አፄ ቴዎድሮስ መድፍ አሠሯቸው፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከእጃቸው ወጣ። ዋልድማየር የንጉሠ ነገሥቱን እንግሊዛዊ ባለሟል የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ቤተሰብ መሠረተ። ከደብረ ታቦር አጠገብ የሚኖሩ የአገልጋይ ቤተሰቦች ናቸው፤ ለወገኖቻቸው ይጽፋሉ፣ ደብዳቤያቸው በምጽዋ በኩል ይወጣል። ሁለተኛው አንባቢ እዚህ ላይ ሥጋ ለብሶ ይመጣል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው።

ሄንሪ ስተርን ከጋፋት ሰዎች ወገን አይደለም፤ ለቤተ እስራኤል ለመስበክ በለንደን ማኅበር የተላከ ነው። በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሸጠው ያሳደጓቸው ምስኪን ናቸው ብሎ ነበር። የጻፈው ለእንግሊዝ አንባቢ ነው፤ እርሱም ንጉሡን ከፍ አድርጎ ያሳየ ይመስለዋል፤ ከድኻ ቤት ተነሥቶ ዘውድ መድረስ በለንደን ያስመሰግናል። በጎንደር ሌላ ነገር ነው። ቴዎድሮስ የሰሎሞን ዘር ነኝ ብለው ነው የነገሡት፤ ጠላቶቻቸውም የሚሰድቧቸው በዚያው በኮሶ ነው። በ1863 ስተርን ሲመለስ ተደብድቦ ታሰረ። ከዚያ የእርሱም የባልደረባው የሮዘንታልም ወረቀት ተበረበረ። በግል ማስታወሻና በደብዳቤ ውስጥ ንጉሡን የሚነካ ቃል እየተፈለገ ተተርጕሞ በችሎት ፊት ተነበበ። የሚያውቀው ሰው ቤት ደርሶ በምድጃ ዳር ይነበባል ተብሎ የተጻፈ ነገር በሰንሰለት ላይ ሆነው የሚሰሙት ክስ ሆነ።

ከሁሉ የሚገርመው ይህ መከራ ራሱ ከደብዳቤ መነሣቱ ነው። ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ቢሮ ውስጥ መልስ አጥቶ ተቀመጠ። መልስ ያጡት ንጉሥ የሌላውን ሰው ደብዳቤ ማንበባቸው ለምን ይደንቃል? በ1866 ፍላድን መልእክተኛ አድርገው ወደ ለንደን ሲልኩ ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። እስረኞቹ የተፈቱት በ1868 መቅደላ ላይ ነው፤ የተከፈለውን ዋጋ ሁሉም ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ ሚሲዮኖች ሥርዓት አበጁ። የእንግሊዙ የሚሲዮን ማኅበር ሲ.ኤም.ኤስ. እያንዳንዱ ሚሲዮናዊ በዓመቱ መጨረሻ ደብዳቤ እንዲጽፍ አስገደደ፤ ከ1880ዎቹ ጀምሮም የተመረጠውን ክፍል አሳተመ። ሃድሰን ቴይለር በ1865 ያቋቋመው የቻይና ሚሲዮን ደግሞ ገንዘብ መለመን ከለከለ፤ ጸልዩልን ማለት ብቻ ይፈቀዳል። ከዚህ የተወለደው አጻጻፍ ለየት ያለ ጥበብ ይጠይቃል፤ በቅሎዋ እንደሞተች ይነገራል፣ የሌላ በቅሎ ዋጋ አይነሣም። አንባቢውም ሞኝ አይደለም፤ ይገባዋል።

የማባዣ መሣሪያ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ከዋና መሥሪያ ቤት እጅ ወጣ። ኤ. ቢ. ዲክ በ1887 የኤዲሰንን ፈጠራ ይዞ ማባዣውን ለገበያ ካቀረበ በኋላ አንዲት የፓስተር ሚስት በስቴንስል ላይ አንድ ጊዜ ተይባ መቶ ቅጂ ማውጣት ቻለች። ስቴንስል በኛ አገር ፈተናና የአብዮት ወረቀት ያወጣ መሣሪያ ነው፤ በአሜሪካ ግን ምናልባት ከፖለቲካ ይልቅ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያና የገና ደብዳቤ አወጣ። በጀርመን ሁለቱ ተገናኙ። ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሄፈር ለቀድሞ ተማሪዎቹ ደብዳቤ ያባዛ ነበር፤ የናዚ መንግሥት እንዲህ ያለውን ወረቀት ሲከለክል የግል ደብዳቤ እንዲመስል እያንዳንዱን በእጁ ይፈርምበት ጀመር።

የኢትዮጵያ ደቡብ ደግሞ ደብዳቤ የጠፋበትን ዘመን አይቷል። ዶክተር ቶማስ ላምቢና ጓደኞቹ በ1928 ወላይታ ሶዶ ከገቡ ጀምሮ የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮን ቤተሰቦች ወደ ካናዳ፣ አሜሪካና አውስትራሊያ በየጊዜው ይጽፉ ነበር። ጣልያን በ1937 አስወጣቸው። ትተው የሄዱት የተጠመቀ ሰው 50 አይሞላም፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የሚሲዮኑ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከ10 ሺህ በላይ ቆያቸው። በእነዚያ ዓመታት «በጸሎት አስቡን» የሚል ወረቀት ከወላይታ አልወጣም፣ ፎቶግራፍም አልተላከም። የዓመታዊ ደብዳቤ ወዳጅ የሆነ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ትንሽ ዝም ማለት ይገባዋል።

በደርግ ዘመን ዝምታው በሌላ በኩል መጣ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1979 ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለአሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ያኔ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ «እኛ ደኅና ነን፣ ናፍቆታችሁ በርትቶብናል» ብሎ ይዘጋል። ቁም ነገሩ የሚሄደው በሰው እጅ ነው፣ ወይም በካሴት ተቀድቶ። ቲኪቆስ እንደገና ሥራ አገኘ።

በሰላሙ አገር ግን ደብዳቤው ወፈረ፤ ፎቶ ኮፒና ኮምፒዩተር ሲጨመሩበት ማንም ቤት ጻፊ ሆነ፣ መቀለጃም ሆነ። የጋርዲያኑ ጋዜጠኛ ሳይመን ሆጋርት አንባቢዎቹ የላኩለትን የጉራ ደብዳቤ ሰብስቦ በ2004 መጽሐፍ አደረገው። የሰሜን ዳኮታዋ ተመራማሪ አን በርኔት ከ1960ዎቹ ወዲህ የተጻፉ የበዓል ደብዳቤዎችን ስትመረምር ሰዎች ሥራ በዛብን ማለትን እንደ ማዕርግ እየቈጠሩት መምጣታቸውን አስተውላለች። የፓስተር ቤት በዚህ ፉክክር የተለየ ችግር አለበት። ልጁ ዕፅ ቢጀምር አይጻፍም፤ ባልና ሚስት ለስድስት ወር ባይነጋገሩ አይጻፍም፤ ምእመኑ ያነበዋልና። ጉራም አይፈቀድም፤ ትሕትና ይጠበቃል። የሚቀረው ጣሪያው መቀየሩ ነው። ጽሑፎቹ ደረቅ ናቸው ብሎ ማማት ቀላል ነው፤ እንዲህ ታጥሮ የሚጽፍ ሰው ግን ጣሪያውን በዝርዝር ቢገልጽ ልፈርድበት አልችልም።

ዛሬ ደብዳቤው በኢሜይልና በቴሌግራም ይሄዳል። ስብከት በሚያስቀጣበት አገር የተሰማሩ ቤተሰቦች የአገሩን ስም አይጽፉም፣ የልጆቻቸውን ፊት ያደበዝዛሉ፣ አንባቢው እንዳያስተላልፈው ይለምናሉ። ስተርንን ያዩ ሰዎች ይህን ይረዱታል። በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በፍራንክፈርት ያሉ የኛ አገልጋዮችም በየመስከረሙ ለአገር ቤትና ለየአገሩ ወዳጅ የእንቁጣጣሽ መልእክት ይልካሉ፤ አንዳንዱ ታኅሣሥ 25 አንድ፣ ጥር 7 ሌላ ይጨምራል። ቪዲዮው ላይ ልጆቹ ነጭ ለብሰው በተሰበረ አማርኛ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ። ቄሱ ማታ ማታ ታክሲ እንደሚነዱ፣ ጉባኤው ለሁለት ተከፍሎ የአዳራሹ ኪራይ እንደከበዳቸው በቪዲዮው የለም። ይህ የሚነገረው ለአንድ የሴሚናሪ ጓደኛ ነው፤ በስልክ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ «ለማንም እንዳትል» ተብሎ። በማግሥቱ ጓደኛው ለሚስቱ ይነግራታል።